ሸክላውም ይዙር፣ ስልኩም ይዝፈን፦ «ወይ ሸክላ ወይ ስልክ» ለተባለው ጽሑፍ ምላሽ

ጽሑፉን የላከልኝ የአክስቴ ልጅ ነው። «አንተን ነው የሚሰድበው» የምትል መስመር ጨምሮበታል። ከፈትኩት። ርዕሱ «ወይ ሸክላ ወይ ስልክ» ይላል። ጸሐፊው የድሮ ሙዚቃ ወዳድ ናቸው፤ አጻጻፋቸውም ያምራል። ሐሳባቸው ባጭሩ ይሄ ነው፦ ቤቱ ውስጥ ሸክላ ማጫወቻና ዲጂታል ዕቃ አንድ ላይ ያገናኘ ሰው ሁለቱንም አበላሽቷል። ሸክላ የሚወድ ሸክላ ብቻ ይስማ። ስልክ የሚወድም ይስማ፣ ግን ሙዚቃ ሰማሁ ብሎ አያውራ።

እኔ እንግዲህ የተወገዘው ወገን ነኝ። ሳሎኔ ውስጥ አንድ ሸክላ ማጫወቻ፣ አንድ ደብል ካሴት ቴፕና አንድ አሮጌ ላፕቶፕ አለ። ሦስቱም አንድ አምፕሊፋየር ውስጥ ይገቡና በአንድ ጥንድ ስፒከር ይወጣሉ። ባለቤቴ «የሽቦ መጋዘን» ትለዋለች። እሷ ልክ ናት። ጸሐፊው ግን ካነሷቸው ነጥቦች ብዙዎቹ ልክ አይደሉም። አንዱ ልክ ነው፤ እሱ ጋ ስደርስ ሳልሸሽግ እናገራለሁ።

የመጀመሪያው ነጥባቸው ስለ ንጽህና ነው። የሸክላ ድምፅ ከዘፋኙ ጉሮሮ ተነስቶ ማንም ሳይነካው ጆሯችን ድረስ ይመጣል ይላሉ። መሀል ላይ ዲጂታል ነገር ከገባ ረከሰ።

ማንም ሳይነካው? ሸክላ ሲቀረጽ እኮ መጀመሪያ የሚደረገው ድምፁን ማዛባት ነው። ቤዙ ሆን ተብሎ ይቀነሳል፤ ቀጭኑ ድምፅ ሆን ተብሎ ይጨመራል። ቤዙ እንዳለ ቢቀረጽ መርፌው የሚሄድበት መስመር በጣም ይሰፋና ሸክላው ላይ ብዙ ዘፈን አይገባም፤ መርፌውም ይዘላል። ቀጭኑ የሚጨመረው ደግሞ በኋላ ስንጫወተው መልሰን ስንቀንሰው፣ የመርፌው ሽሽታ አብሮት እንዲቀንስ ነው። ስሌቱ እ.ኤ.አ. በ1954 የአሜሪካ የሸክላ አሳታሚዎች ማኅበር ያወጣው ነው፤ ቀስ በቀስ ዓለም ሁሉ ተቀብሎታል። ሲጫወት ይሄን መልሶ የሚያቃናው አምፕሊፋየር ውስጥ «ፎኖ» የሚባለው ክፍል ነው።

የማያምን ይሞክረው። ሸክላ ማጫወቻውን ፎኖ ሳይሆን የስልክ ጃክ የሚሰካበት ላይ ይሰካና ይስማ። ድምፁ በጣም ያነሰ ይሆናል፤ ከመርፌው የሚወጣው ኤሌክትሪክ አምስት ሚሊቮልት አካባቢ ነውና መቶ እጥፍ ያህል ማደግ አለበት። ቤዝ የሚባል ነገር አይኖርም። ዘፋኙ ጣሳ ውስጥ ሆኖ የሚጮህ ይመስላል። ማንም ሳይነካው የመጣው ድምፅ ያ ነው። ጸሐፊው በየቀኑ የሚሰሙት ተበላሽቶ የተቃናውን ነው፤ ማቃናቱም ነውር የለበትም።

ንጽህና ካነሳን አንድ ነገር ልጨምር። ሞባይል ፊደሊቲ የሚባል የአሜሪካ ሸክላ አሳታሚ አለ። ውድ ሸክላ ነው የሚሸጠው። ገዢዎቹም ከዋናው ቴፕ ላይ በቀጥታ የተቀዳ፣ ዲጂታል ያልነካው ነው ብለው ነበር የሚገዙት። እ.ኤ.አ. በ2022 የኩባንያው መሐንዲሶች ራሳቸው መሀል ላይ ዲጂታል ቅጂ እንደሚጠቀሙ አመኑ። ለዓመታት ሲያደርጉት ኖረዋል። ጩኸቱ ፍርድ ቤት ድረስ ሄደ። እኔን ያስገረመኝ ግን ሌላ ነው። እነዚያን ሸክላዎች «አናሎግ (ወደ ቁጥር ያልተቀየረ ድምፅ) ማለት ይሄ ነው» እያሉ ሲያወድሱ የነበሩ ጆሮዎች፣ ነገሩን የሰሙት ከሰው አፍ እንጂ ከስፒከራቸው አይደለም።

ሁለተኛው ነጥባቸው በጣም የሚወዱት ይመስለኛል፤ በምሳሌ አስጊጠውታል። አናሎግ ዳገት ነው፣ ዲጂታል ደረጃ ነው ይላሉ። በደረጃዎቹ መሀል የነበረው ድምፅ ጠፍቷል፤ የምንሰማው የተቆራረጠ ነገር ነው። ይሄን ብዙ ሰው ያምነዋል። እኔም ለዓመታት አምኜው ነበር። ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

ሲዲ ድምፅን በሰከንድ 44,100 ጊዜ ይለካል። በልኬቶቹ መሀል ያለው የት ሄደ ነው ጥያቄው። እስቲ ወረቀት ላይ ሦስት ነጥብ አድርጉ፤ በአንድ ቀጥታ መስመር ላይ ብቻ አይዋሉ። ከዚያ ለአሥር ሰው ስጡና በሦስቱም የሚያልፍ ክብ ሣሉ በሉ። አሥሩም የሚስሉት አንድ ዓይነት ክብ ነው። ሌላ ክብ የለማ! ነጥቡ ሦስት ብቻ ስለሆነ ክቡ አልተቆራረጠም፤ ከሦስቱ ነጥቦች ሙሉው ክብ ይገኛል። ዲጂታል ድምፅም በዚሁ ነው የሚሠራው። ድምፁ ከተወሰነ ቅጥነት እስካላለፈ ድረስ በልኬቶቹ ሁሉ የሚያልፈው ሞገድ አንድ ብቻ ነው። አሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅ ክላውድ ሻነን እ.ኤ.አ. በ1949 ባሳተመው ሥራ ይሄን በሒሳብ አስረድቷል። በሰከንድ 44,100 ጊዜ የተለካ ድምፅ እስከ 22,050 ሄርዝ (በሰከንድ ይሄን ያህል ንዝረት ማለት ነው) ድረስ ያለውን ይመልሳል። የጤነኛ ወጣት ጆሮ 20,000 ሄርዝ አካባቢ ላይ ያበቃል። የኔና የጸሐፊው ዕድሜ ሰው ጆሮማ፣ እሱን እንኳ ባናነሳው ይሻላል።

ስለዚህ ከስልክ ወደ ስፒከር የሚሄደው ኤሌክትሪክ ለስላሳ ሞገድ ነው። ደረጃው ያለው ነገሩን ለማስረዳት በሚሳለው ሥዕል ላይ ነው።

በልኬት ከተወዳደርን ደግሞ የሚጎዳው ሸክላው ነው። ትልቁ ሸክላ በደቂቃ 33 ዙር ከሲሶ ይሽከረከራል። ዳር ላይ ያለው ዘፈን በመርፌው ሥር በሰከንድ 50 ሴንቲሜትር ያህል ያልፋል። ወደ መሀል ሲጠጋ 20 ያህል ብቻ ይሆናል። ያው ድምፅ በአነስተኛ ቦታ ታጭቆ ይቀመጣል ማለት ነው። በየገጹ የመጨረሻ ዘፈን ላይ «ስ» እና «ሽ» የሚሻክሩት ለዚህ ነው። ካሴትማ ከዚህም የባሰ ነው፤ በሰከንድ አምስት ሴንቲሜትር እንኳ አይሞላም።

«ታዲያ ሸክላ ለምን ይጣፍጠኛል?» ብትሉኝ፣ እኔም ይጣፍጠኛል። አንዱ ምክንያት ሸክላው ራሱ የሚጨምረው ትንሽ መዛባት ነው፤ ጆሯችን ይወደዋል። ሌላውና ትልቁ ምክንያት ግን ሰው ነው። ብዙ የድሮ ዘፈን ወደ ፋይል ሲቀየር የቀየረው ሰው ጮክ እንዲል ብሎ ሁሉንም ድምፅ እስከ ጣሪያው ገፍቶታል። ከበሮውም፣ ሳክስፎኑም፣ የዘፋኙ ትንፋሽም እኩል ይጮሃሉ። ከዚህ ፋይል ጋር ሲወዳደር ያረጀ ሸክላም ያሸንፋል። ጥፋቱ ግን የገፋው ሰው እጅ ነው። ያንኑ ሸክላ ራሴ በጥንቃቄ ወደ ላፕቶፕ ከቀዳሁት ጣዕሙ፣ ጭረቱ፣ ሁሉም አብሮ ይመጣል።

ሦስተኛው ስለ ገንዘብ ነው፦ ማገናኘት የሀብታም ጨዋታ ነው የሚል። አጭር መልስ አለኝ። የድሮ አምፕሊፋየር ካላችሁ ፎኖ አብዛኛውን ጊዜ ጀርባው ላይ አለ። ከሌለ ለብቻው ትንሽ ሳጥን ይሸጣል። ለስልኩ አንድ ጃክ ይበቃል። ከማጫወቻው የምትወጣ ቀጭን ሽቦ ካለች አምፕሊፋየሩ ጀርባ ላይ እሰሯት፤ አለበለዚያ «ሆምምም» የሚል ድምፅ ቀኑን ሙሉ ይከተላችኋል። አለቀ። ብሉቱዝ ያለው ሸክላ ማጫወቻ ላይ ጸሐፊው ያፌዙት ነገር አስቆኛል፤ እኔም አልገዛውም። እስከ ሸክላው ድረስ ደክሞ መጥቶ በመጨረሻዋ ሁለት ሜትር ላይ ድምፁን መጭመቅ ምን ይባላል?

የሚያንገበግበኝ አራተኛው ነጥብ ነው። የኛን የድሮ ዘፈኖች በሸክላ ብቻ እንስማ፣ ወደ ፋይል መቀየር ዘፈኑን መግደል ነው ይላሉ።

በየትኛው ሸክላ? ሙዚቃ አሳታሚው አምሃ እሸቴ የሀገር ፍቅር ማኅበርን ሸክላ የማሳተም ብቸኛ መብት ተዳፍሮ የራሱን ሸክላ ማሳተም የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። እስከ 1975 ድረስ መቶ ያህል ባለ 45 ዙር ትንንሽ ሸክላና ደርዘን ያህል ትልልቅ አወጣ። ሸክላዎቹ የሚታተሙት እዚህ አልነበረም፤ ህንድና ሊባኖስ እየተላኩ ነበር። ያኔ ወጣት የነበረ ሰው በየግብዣው ላይ አጫውቷቸዋል፣ መርፌ ሳይቀይር ፈጭቷቸዋል። ተርፎ የተገኘውን የውጭ አገር ሰብሳቢዎች ያድኑታል። ዋጋው አይቀመስም። ጸሐፊው «ሸክላ ብቻ» ሲሉ ለስንት ሰው ነው የሚናገሩት?

እነዚያ ዘፈኖች እንደገና ዓለም ጆሮ የገቡትስ በምንድን ነው? በሲዲ ነው። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ «ኢትዮፒክስ» በሚል ስም ተከታታይ ሲዲ ሲያወጣ ነው። ሲዲ ማለት ያ የተወገዘው 44,100 ነው። ዛሬ የሃያ ዓመት ልጅ የአለማየሁ እሸቴን ወይም የሙላቱ አስታጥቄን የቆየ ሥራ ቢያንጎራጉር፣ ዘፈኑ ከሸክላው እስከሱ ድረስ ሲመጣ በመንገዱ ላይ አንድ ቦታ ዲጂታል ድልድይ ተሻግሯል።

ከዚያ በኋላ ያለው ዘመንስ? ጸሐፊው ካሴትን በአንድ ዓረፍተ ነገር አልፈውታል። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ አጋማሽ በኋላ ግን የኛ ሙዚቃ ቤቱ ካሴት ነበር። የኔ ትውልድ ያደገበት ዘፈን አብዛኛው ሸክላ ሆኖ አያውቅም። ኦርጅናል ካሴት መግዛት የቻለ ገዛ፤ ያልቻለ በደብል ካሴት ኮፒ አስደረገ። ከኮፒው ሌላ ኮፒ ተደረገ። በእያንዳንዱ ኮፒ ሽሽታው ይጨምራል፣ የጸናጽሉ ድምፅ ይደበዝዛል። አራተኛው ሰው ጋ ሲደርስ ዘፋኙ ብርድ ልብስ ተከናንቦ የሚዘፍን ይመስላል። አናሎግ ሲገለበጥ እንዲህ ነው። ፋይል ግን መቶ ጊዜ ቢገለበጥ መቶኛው ከመጀመሪያው ጋር አንድ ነው። ዘፈንን የሚገድለው የቱ ነው?

እዚህ ላይ ሁለት የራሴን ታሪክ ላውራ።

ታላቅ ወንድሜ ከአሜሪካ ሲመጣ ሸክላ ማጫወቻ አመጣልኝ። ከድሮዎቹ፣ ከባድ፣ የሚያምር። 110 ቮልት ነው ሲለኝ ሮጬ ትራንስፎርመር ገዛሁ። እሁድ ነው፤ ቡና እየተፈላ ነው፤ ወንድሜም አለ። አንድ ትዝታ አደረግንበት። መርፌው ወረደ፣ ተንጠረጠረ፣ ዘፈኑ ጀመረ። ሁላችንም ተያየን። ትዝታ ቀስ ያለ ዘፈን ነው፣ ይሄኛው ግን ቀብር ነው። ድምፁ ወፍሯል፤ ክራሩ ይጎተታል። እናቴ «ምነው ይሄ ሰውዬ አሞታል?» አለች።

ነገሩ ኋላ ነው የገባኝ። የአሜሪካ መብራት 60 ሄርዝ ነው፤ የኛ 50። እንደዚህ ዓይነት ሞተር ፍጥነቱን የሚወስደው ከመብራቱ ሄርዝ ነው። ትራንስፎርመር ደግሞ ቮልቱን ይቀንሳል እንጂ ሄርዙን አይነካም። ስለዚህ 33 ዙር ከሲሶ መሆን የነበረበት ወደ 27.8 ወርዷል። የሦስት ደቂቃ ዘፈን ሦስት ደቂቃ ከ36 ሰከንድ ይፈጃል። ከውጭ ሸክላ ማጫወቻ ልታስመጡ ያሰባችሁ ካላችሁ ይሄን ጠይቁ፤ ሞተሩ እንደ ባትሪ ባለ ሄርዝ የለሽ ኤሌክትሪክ (ዲሲ) የሚሠራ ከሆነ ግን አያሳስባችሁም።

ያዳነኝ ያ የተናቀው ላፕቶፕ ነው። ሸክላውን እንደተንቀራፈፈ ወደ ላፕቶፑ ቀዳሁት። ከዚያ ኦዳሲቲ በሚባለው ነጻ ፕሮግራም ፍጥነቱን በ1.2 አባዛሁት፤ 60 ለ50 ሲካፈል 1.2 ነውና። ዘፋኙ ተነስቶ ቆመ! ጥቂት የቃና መዛባት ይቀራል፤ ፎኖው ያቃናው በተሳሳተ ፍጥነት የመጣውን ድምፅ ስለሆነ። ግን እናቴ ሁለተኛ ስለ ሰውዬው ጤና አልጠየቀችም። ከወራት በኋላ አንድ ቶርኖ ቤት የሞተሩን ፑሊ በዚያው ልክ አስወፍሬ አሠራሁና ማጫወቻው ራሱ ዳነ። እስከዚያ ድረስ የሸክላዬን ትክክለኛ ድምፅ የምሰማው ከፋይል ነበር። ጸሐፊው ይሄን ምን ብለው እንደሚጠሩት አላውቅም።

ሁለተኛው ታሪክ የካሴት ነው። አባቴ ካረፈ በኋላ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ባለ 90 ደቂቃ ካሴት አገኘን። ላዩ ላይ የሮም አጎቴ ስም ተጽፏል። ያኔ ደብዳቤ በካሴት ነበር የሚላከው፤ ሰው ሲሄድ ይሰጠዋል። ይሄኛው መንገደኛው ቀድሞ ሄዶ መሰለኝ፣ ሳይላክ የቀረ ነው። ቴፕ ውስጥ ሳስገባው ምንም የለም፤ ከሩቅ እንደ ንብ የሚያንሾካሹክ ነገር ብቻ።

በካቻቢቴ አምስቱን ትንንሽ ብሎኖች ፈታሁ። ቴፑን ድምፁን ከሚያነበው ክፍል፣ ከ«ሄዱ» ጋር የምታጣብቀው ስፖንጅ ወድቃለች። ሙጫዋ ደርቆ ነው፤ የድሮ ካሴት ሁሉ ዕጣ ፈንታ ነው። ከአንድ ዋጋ ከሌለው ካሴት ላይ ስፖንጅ ወስጄ ተካሁላት። ሄዱን በጥጥና በአልኮል ጠረግሁ። አሁንም ድምፁ ታፍኗል። ከሄዱ ጎን አንዲት ብሎን አለች፤ የሄዱን ዘንበል ማለት የምታስተካክል። ካሴቱ የተቀዳው በሌላ ቴፕ ስለሆነ የሱ ሄድ ከኔው ጋር አንድ ዓይነት አይቆምም። በፀጉር ስፋት አዞርኳት። አሁንም ትንሽ። ድንገት መጋረጃ እንደተገለጠ ድምፁ ወለል አለ።

አባቴ ነው። «እየቀዳ ነው እንዴ?» ይላል። እናቴ ከኋላ «ቀዩን ተጫነው አልኩህ እኮ» ትላለች። ዶሮ ይጮሃል። አባቴ ጉሮሮውን ይጠራርግና እንደ ደብዳቤ «ለተከበርከው ወንድሜ፣ ለጤናህ እንደምን አለህ» ብሎ ይጀምራል። አሥር ደቂቃ ያህል ያወራል፤ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ኔ ፈተና። ከዚያ ቋ ይላል፤ ከሥሩ ተቀድቶ የነበረው ዘፈን ከመሀሉ ይቀጥላል።

ያን ቀን ማታ ካሴቱን አንድ ጊዜ ብቻ አጫውቼ ቀዳሁት፤ ሁለተኛ ጊዜ ቴፑ ቢበላውስ? በሲዲ ጥራት ነው የቀዳሁት፤ ለካሴት ይበቃል። ለአጎቴ በቴሌግራም እንደ ፋይል ላክሁለት። ደብዳቤው ከሠላሳ ዓመት በኋላ ደረሰው ማለት ነው። ይሄን «አረከስከው» የሚለኝ ሰው ካለ ይምጣ።

አሁን ጸሐፊው ልክ ወደሆኑበት ነጥብ ልምጣ። ወደ ፋይል የሚቀይሩ ሰዎች ዋናውን ይጥላሉ ብለው ይከሳሉ። እውነት ነው። አንዱ እኔ ነኝ። ወደ ኮንዶሚኒየም ስንገባ ቦታ ጠበበና ሁለት ካርቶን ካሴት ቀድቼ ጣልኩ። ያኔ ሃርድ ዲስክ ውድ ነው፤ በኤምፒ3፣ በ128 ኪሎቢት፣ ማለትም ቦታ ለመቆጠብ ጥራቱን ቀንሼ ነበር የቀዳሁት። ስለ ብሎኗም አላውቅም ነበር፤ ግማሾቹ ታፍነው ነው የተቀዱት። ካሴቶቹ ቢኖሩ ዛሬ ደግሜ አስተካክዬ እቀዳቸው ነበር። የሉም። ያ ሃርድ ዲስክም አንድ ቀን ጠዋት ቀጭ ቀጭ ብሎ ሞተ፤ የተረፈው ለዘመድ በፍላሽ ሰጥቼው የነበረው ብቻ ነው። ስለዚህ በዚህ ከጸሐፊው ጋር ነኝ፦ ቀድታችሁ አትጣሉ። ፋይሉንም አንድ ቦታ ብቻ አታስቀምጡ። ግን ከዚህ የሚወጣው ትምህርት ሁለቱንም ያዙ የሚል ነው እንጂ አትቅዱ አይደለም።

የቀረው ስለ ማዳመጥ ያነሱት ነው። ስልክ ያለው ሰው ዘፈን አይጨርስም፣ ይዘላል፣ መሀል ላይ መልእክት ይከፍታል ይላሉ። እኔም አደርገዋለሁ፤ አንዳንድ ቀን መግቢያውን ብቻ ሰምቼ የማልፈው ዘፈን አሥር ይደርሳል። ሸክላ ግን ያስቀምጥሃል። ከከረጢቱ ታወጣዋለህ፣ አቧራውን ትጠርጋለህ፣ መርፌውን ታወርዳለህ። ከዚያ ሃያ ደቂቃ ቁጭ።

ሆኖም የድሮ ሰው ሁሉ ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማ ነበር መባሉን አልቀበልም። በካሴት ዘመን የማንወደውን ዘፈን ለማሳለፍ ቁልፉን ስንጫን አልነበረም እንዴ? ቢክ እስክሪብቶ ሰክተን ባትሪ እንዳያልቅ በእጃችን ስናጠነጥን? ቡና ቤቱስ፣ ታክሲውስ? ሙዚቃ ከጥንትም ግማሹ ከወሬ በስተጀርባ ነው የኖረው።

እኔ ቤት የተገኘው መላ ቀላል ነው። ላፕቶፑ ሙዚቃ ብቻ ነው ያለው፤ ኢንተርኔት አላስገባለትም። አልበም ስከፍት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነው፤ ስልኬ መኝታ ቤት ይቀራል። እሁድ ከቡና ጋር ሸክላ ነው። በሳምንቱ መሀል ያንኑ ሸክላ ከራሴ ፋይል ላይ ታክሲ ውስጥ እሰማዋለሁ። ከዘፈኑ መሀል ያለችው «ጠቅ» የምትል ጭረት ስትመጣ የሳሎኔን ወንበር ታስታውሰኛለች። መብራት ሲጠፋ ደግሞ፣ ጸሐፊው ይሄን አላነሱትም፣ ያ ሁሉ አምፕሊፋየርና ማጫወቻ የተከመረ ጣውላ ነው። ያኔ የልጄ ትንሽ ብሉቱዝ ስፒከር ናት የቤቱ አስተናጋጅ። ቤዝ የላትም። ግን ትዘፍናለች።

ጸሐፊው መጨረሻ ላይ አልጋቸው ሥር ሁለት ካርቶን ካሴት እንዳላቸው፣ ከልጅነታቸው ጀምሮ የሰበሰቡት እንደሆነ፣ «ጊዜ ሲገኝ» እንደሚሰሟቸው ጽፈዋል። ጋሼ፣ እነዚያ ስፖንጆች አሁን አንድ በአንድ እየወደቁ ነው። ቀን ይቁረጡልኝና ልምጣ። ካቻቢቴውን፣ ጥጡንና ላፕቶፑን እኔ ይዤ እመጣለሁ፤ ቡናውን እርስዎ።